የራስተርና የቬክተር የመልክዐ ምድር መረጃ በፕሮግራም ቋንቋ አሠራር፦ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች የትምህርት ቤት ፕላን ያለው ጥቅም

መግቢያ

ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ከታነጸ በኋላ ከቦታው የሚነሣ ነገር አይደለም። ስለዚህ የሚሠራበትን ቦታ በመምረጥ ረገድ የሚፈጸም ስሕተት ከአንድ የበጀት ዓመት አልፎ ለአንድ ትውልድ ይተርፋል። ይህ በማናቸውም ስፍራ እውነት ቢሆንም፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለሚገኙት የኦሮሚያ ከተሞች፣ ለአዳማ፣ ለሞጆ፣ ለወንጂ፣ ለመተሐራ፣ ለመቂ፣ ለባቱና ለሻሸመኔ ግን የተለየ ክብደት አለው። በዚህ አካባቢ የውሃው ድንበር በአንድ ቦታ ረግቶ አይኖርምና።

ከመተሐራ ከተማ በስተምዕራብ የሚገኘው የበሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል፤ ዋናውን የጅቡቲ መንገድና የቀድሞውን የባቡር ሐዲድም ለአደጋ አጋልጧል። ተመራማሪዎች ለዚህ የመስኖ ትርፍ ውሃንና የከርሰ ምድር ውሃ መጨመርን በምክንያትነት ይጠቅሳሉ። በአንጻሩ የአብያታ ሐይቅ በመስኖና በሶዳ አሽ ምርት ምክንያት ውሃው እየቀነሰ ዳርቻው ወደ ውስጥ ሸሽቷል። አዳማ ደግሞ በኮረብታዎች በተከበበ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተቆረቆረች ስለሆነች በክረምት ከኮረብታዎቹ የሚወርደው ጎርፍ ያስቸግራታል። የወንጂም ሜዳ አዋሽ ሲሞላ የሚሰጋ ነው።

እንግዲህ ለአንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት «ከትምህርት ቤቶቻችን መካከል ለሚሰፋው ውሃ ቅርብ የሆኑት የትኞቹ ናቸው? በዙሪያቸውስ ስንት ሕዝብ ይኖራል?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብለት፣ መልሱ በትምህርት ቤቶች ዝርዝር ብቻ አይገኝም። በሳተላይት ምስል ብቻም አይገኝም። መልሱ የሚገኘው ሁለቱን በአንድ ላይ በማየት ነው። ሁለቱ ግን በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጡበት መንገድ የተለያየ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ራስተርና ቬክተር የተባሉትን የመረጃ ዐይነቶች ምንነት፣ በፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራባቸውን መንገድና ሁለቱን ለማገናኘት መሟላት ያለበትን ዋና ሁኔታ ለመምህራንና ለፕላን ባለሙያዎች ማስረዳት ነው።

1. የሁለቱ የመረጃ ዐይነቶች ምንነት

ራስተር የሚባለው ምድሩን እንደ ባለ ካሬ ደብተር ገጽ በረድፍና በዓምድ በተሰለፉ እኩል ሕዋሳት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ቁጥር የሚሰጥ አቀማመጥ ነው። ቁጥሩ የቦታውን ከፍታ፣ ከመሬቱ የተንጸባረቀውን የብርሃን መጠን፣ የዘነበውን ዝናብ ወይም የሚኖረውን ሕዝብ ብዛት ሊያመለክት ይችላል። የሕዋሱ መጠን እንደ መረጃው ምንጭ ይለያያል። ላንድሳት ከተባሉት ሳተላይቶች የሚገኘው ምስል በአብዛኛው የአንዱ ሕዋስ ጎን 30 ሜትር ሲሆን፣ ሴንቲኔል 2 ከተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በዋና ዋናዎቹ ቀለማት የሚገኘው 10 ሜትር ነው። በዚህ መሠረት የላንድሳት አንድ ሕዋስ 900 ካሬ ሜትር፣ የሴንቲኔል 2 አንድ ሕዋስ 100 ካሬ ሜትር መሬት ይሸፍናል።

ቬክተር የሚባለው ግን ምድሩን በካሬ አይከፍልም። በምድር ላይ የሚገኙትን ነገሮች በየራሳቸው ቅርጽ ይመዘግባል። ለዚህም ሦስት ቅርጾች ያገለግላሉ። ትምህርት ቤት በነጥብ፣ መንገድና ወንዝ በመስመር፣ የወረዳ ክልል ወይም የሐይቅ ዳርቻ በዝግ ቅርጽ ይወከላል። እያንዳንዱ ቅርጽ ቦታውን የሚያመለክቱ የኬክሮስና የኬንትሮስ ወይም የሜትር ቁጥሮች አሉት። ከእነዚህም ጋር በሰንጠረዥ የተያያዘ መግለጫ ይኖረዋል። ለምሳሌ አንድ የትምህርት ቤት ነጥብ የትምህርት ቤቱን መለያ ቁጥር፣ ስም፣ የክፍሎች ብዛትና የተማሪዎች ቁጥር ይይዛል።

ከሁለቱ አንዱ ከሌላው ይበልጣል ማለት አይቻልም። ከቦታ ቦታ ሳይቋረጥ ለሚለዋወጥ ነገር፣ እንደ ከፍታና እንደ ዝናብ ላለው፣ ራስተር ይስማማል። ስምና ድንበር ላለው ነገር፣ እንደ ትምህርት ቤትና እንደ ወረዳ ላለው፣ ቬክተር ይስማማል። የፕላን ባለሙያው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም የሚነካ ነው።

2. ከእጅ ሥራ ወደ ፕሮግራም

ልዩ ልዩ ካርታዎችን ደራርቦ ለአንድ ሥራ የሚስማማ ቦታ መፈለግ ከኮምፒዩተር በፊትም የነበረ ዘዴ ነው። ባለሙያዎች በሚያሳይ ወረቀት ላይ የተነሡ ካርታዎችን አንዱን በሌላው ላይ እያነጠፉ ይመረምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ግድም በካናዳ አገር ይሠራ የነበረው የጂኦግራፊ ባለሙያ ሮጀር ቶምሊንሰን በኢትዮጵያ ጎረቤት በኬንያ ለደን ተከላ የሚስማማ ቦታ በዚሁ ዘዴ እንዲፈለግ በተጠየቀ ጊዜ፣ የሥራው ወጪ ከአቅም በላይ ሆኖ ተገኘ። ቶምሊንሰን ሥራው በኮምፒዩተር ሊከናወን ይችላል ወደሚል ሐሳብ የደረሰው ከዚህ ችግር በመነሣት ነው። በ1960ዎቹ ውስጥ ለካናዳ መንግሥት የተዘረጋው የመልክዐ ምድር መረጃ ሥርዓትም የዚህ ሐሳብ ፍሬ ሆነ።

የመጀመሪያው ላንድሳት ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ከመጠቀ ወዲህ ከሕዋ የተነሣ የምድር ምስል በተከታታይ ይሰበሰብ ጀመር። ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ የላንድሳት ክምችት ያለ ክፍያ ለማንኛውም ተጠቃሚ ተከፍቷል። ሴንቲኔል 2 የተባሉት ሳተላይቶች የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲመጥቅ ምስሉም በነጻ ይሰጥ ጀመር። ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የምድር መመልከቻ ሳተላይት ከቻይና ምድር አምጥቃለች።

ከመረጃው ጎን ለጎን መረጃውን የሚያነቡት መሣሪያዎችም አድገዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ፍራንክ ዋርመርዳም የጀመረው ጂዳል የተባለው ላይብረሪ፣ ማለት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የትእዛዛት ስብስብ፣ በልዩ ልዩ መልክ የተቀመጡ የራስተርና የቬክተር ፋይሎችን ያነብባል። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለሚሠራ ሰው ራስተሪዮ የተባለው ላይብረሪ ለራስተር፣ ጂኦፓንዳስ የተባለው ደግሞ ለቬክተር ያገለግላሉ። አር በተባለው ቋንቋ ለሚሠራም ቴራና ኤስኤፍ የተባሉት ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ። ሁሉም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው።

አንድ ሰው ይህንኑ ሥራ በካርታ ሶፍትዌር መስኮት ላይ አዝራር እየተጫነ ሊያከናውነው ይችላል። ታዲያ የፕሮግራም ቋንቋ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጥቅሙ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ የተሠራውን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጽሑፍ ስለሚያስቀምጥ ሌላ ባለሙያ ሊመረምረው ይችላል። ሁለተኛ፣ ለአንድ ወረዳ የተጻፈው ፕሮግራም የፋይሉ ስም ብቻ ተለውጦ ለሌላው ወረዳ ያገለግላል። ሦስተኛ፣ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ምስል ሲገኝ ሥራው እንደገና ከሥሩ አይጀመርም።

3. የጋራ መለኪያ አስፈላጊነት

ራስተርና ቬክተር ሊገናኙ የሚችሉት ሁለቱም ምድሩን በአንድ መለኪያ ሲለኩ ነው። በዚህ ሥራ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ላይ ስለሆነ ጉዳዩን በጥሞና መመልከት ያስፈልጋል።

የአዳማ ከተማ በ8.54 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ39.27 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ትገኛለች። ስልክም ሆነ የጂፒኤስ መሣሪያ በተለምዶ የሚሰጠው እንዲህ ያለውን የዲግሪ ቁጥር ነው። ዲግሪ ግን የማዕዘን እንጂ የርቀት መለኪያ አይደለም። በዚህ አካባቢ አንድ ዲግሪ በምድር ላይ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ መረጃው በዲግሪ እንዳለ «በሐይቁ ዙሪያ 500 ስፋት ያለው ቀበቶ ሥራ» ተብሎ ቢታዘዝ፣ ፕሮግራሙ 500 ሜትርን ሳይሆን 500 ዲግሪን ይወስዳል። ዓለም ሁሉ ደግሞ ከ360 ዲግሪ አይበልጥም። ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ ቢጽፍም ሥራውን አያቆምም፤ ትርጉም የሌለውን ውጤት ይሰጣል።

ርቀትንና ስፋትን ለመለካት መረጃው በሜትር ወደሚሠራ ሥርዓት መለወጥ አለበት። ዩቲኤም የተባለው ሥርዓት ዓለምን በ6 ዲግሪ ስፋት ወዳላቸው ቀጠናዎች ይከፍላል። ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ያለው 37ኛው ቀጠና ከላይ የተጠቀሱትን ከተሞች ሁሉ ይሸፍናል። በዚህ ሥርዓት 39ኛው ኬንትሮስ 500,000 ሜትር የሚል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት ከምድር ወገብ ይቆጠራል። ስለዚህ አዳማ በምሥራቅ አቅጣጫ 530,000 ሜትር ግድም፣ በሰሜን አቅጣጫ 944,000 ሜትር ግድም ላይ ትውላለች። ከ39ኛው ኬንትሮስ በስተምዕራብ የሆነችው ባቱ ደግሞ የምሥራቅ ቁጥሯ ከ500,000 ያንሳል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ቁጥሩን በማየት ብቻ ግልጽ ስሕተትን መለየት ይችላል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ የመነሻ ስሌቱ ነው። በኢትዮጵያ የካርታ ሥራዎች ድርጅት በ1:50,000 ስኬል የታተሙት ካርታዎች አዲንዳን በተባለው የመነሻ ስሌት የተሠሩ ናቸው። ስልክና ሳተላይት ግን ደብልዩጂኤስ 84 በተባለው ዓለም አቀፍ ስሌት ይጠቀማሉ። የሁለቱ ልዩነት በአዳማ አካባቢ በዩቲኤም ቁጥር ሲታይ ከ200 ሜትር በላይ ነው። በመሆኑም በስልክ የተለካ የትምህርት ቤት ቦታ ሳይስተካከል በቀድሞው ካርታ ላይ ቢነጠብ፣ ነጥቡ ከእውነተኛው ቦታ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሸሽቶ በወረቀቱ ላይ ከ4 ሚሊሜትር በላይ ርቆ ያርፋል። በሐይቅ ዳርቻ ላለ ትምህርት ቤት ይህ ልዩነት በየብስና በውሃ መካከል ያለውን ልዩነት ያህል ሊሆን ይችላል።

በፕሮግራም ውስጥ እነዚህ ሥርዓቶች በመለያ ቁጥር ይጠራሉ። ዲግሪውን የያዘው 4326፣ ደብልዩጂኤስ 84 ያለበት 37ኛው ሰሜናዊ ቀጠና 32637፣ አዲንዳን ያለበት ተመሳሳይ ቀጠና 20137 ነው። እዚህ ላይ ሁለት ትእዛዞች መምታታት የለባቸውም። አንደኛው ትእዛዝ ቁጥሮቹን ሳይነካ የሥርዓታቸውን ስም ብቻ ይሰይማል። ሁለተኛው ቁጥሮቹን ራሳቸውን አስልቶ ወደ ሌላ ሥርዓት ይለውጣል። በዲግሪ ያለን መረጃ «32637 ነው» ብሎ መሰየም ኪሎ ግራምን በሊትር ስም እንደ መጥራት ነው። ስሙ ቢለወጥም ልኩ አይለወጥም።

4. የራስተር ሥራ፦ የበሰቃን ሐይቅ ከምስል መለየት

የበሰቃን ሐይቅ ወቅታዊ ስፋት ከሴንቲኔል 2 ምስል ለማግኘት የሚከተሉት ደረጃዎች ይፈጸማሉ።

ሀ/ በመጀመሪያ ደመና የሌለበት የበጋ ወር ምስል ይመረጣል። ሁለት ዓመታት የሚነጻጸሩ ከሆነ የሁለቱም ምስል ከአንድ ወር መወሰድ አለበት። አለበለዚያ የወቅት ለውጥ የዓመታት ለውጥ መስሎ ይታያል። በተጨማሪም ከጥር 25 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተዘጋጁት ምስሎች የሕዋሱ ቁጥር ላይ 1,000 የተጨመረ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ከተዘጋጀ ምስል ጋር ከመነጻጸራቸው በፊት ይኸው መቀነስ ይኖርበታል።

ለ/ ቀጥሎ ከምስሉ ሁለት ባንዶች ይነበባሉ። አንደኛው የአረንጓዴ ብርሃን ባንድ፣ ሁለተኛው ለዓይን የማይታየው የቅርብ ኢንፍራሬድ ባንድ ነው። ውሃ አረንጓዴ ብርሃንን በመጠኑ ሲያንጸባርቅ ኢንፍራሬድን አብዛኛውን ይውጠዋል። ለምለም ተክል ግን ኢንፍራሬድን አብዝቶ ይመልሳል።

ሐ/ ከዚያም ለእያንዳንዱ ሕዋስ የሁለቱ ልዩነት ለሁለቱ ድምር ይካፈላል። ለማስረዳት ያህል በአንድ የውሃ ሕዋስ አረንጓዴው 0.08፣ ኢንፍራሬዱ 0.02 ቢሆን ልዩነቱ 0.06፣ ድምሩ 0.10፣ ውጤቱ 0.6 ይሆናል። በአንድ የሸንኮራ አገዳ ሕዋስ አረንጓዴው 0.06፣ ኢንፍራሬዱ 0.34 ቢሆን ውጤቱ ከዜሮ በታች 0.7 ይሆናል። በእጅ ቢሠራ ዓመታት የሚፈጀው ይህ ስሌት በፓይተን አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሕዋሳትም በጥቂት ሰኮንዶች ይፈጸማል።

መ/ ውጤቱ ከዜሮ በላይ የሆነ ሕዋስ ውሃ ተብሎ 1፣ ሌላው 0 ይሰጠዋል። ይህ ወሰን ግን በጭፍን የሚወሰድ አይደለም። በበሰቃ ዙሪያ ከፈንታሌ ተራራ የፈሰሰ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በአቅራቢያውም ውሃ የጠጣ የመስኖ እርሻ ይገኛል። ሁለቱም ከውሃ ጋር ሊምታቱ ስለሚችሉ ወሰኑ ቦታውን በሚያውቅ ሰው መመርመር አለበት።

ሠ/ በመጨረሻ 1 የተሰጣቸው ሕዋሳት ተቆጥረው በ100 ካሬ ሜትር ይባዛሉ። 40 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ሐይቅ 400,000 እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ይኖሩታል ማለት ነው። ቀጥሎም እርስ በርስ የተያያዙት የውሃ ሕዋሳት ወደ ዝግ ቅርጽ ይለወጣሉ። በዚህ ደረጃ ራስተር የነበረው ሐይቅ ቬክተር ሆኗል። ዳርቻው እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ሆኖ መታየቱ የሕዋሶቹ ካሬነት ውጤት እንጂ የሐይቁ እውነተኛ ጠባይ አይደለም።

5. የቬክተር ሥራ፦ ትምህርት ቤቶችን ከሐይቁ ጋር ማገናኘት

የትምህርት ቤቶቹ ዝርዝር ከኬክሮስና ከኬንትሮስ ቁጥሮች ጋር በሰንጠረዥ ከቀረበ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ረድፍ ወደ ነጥብ ይለውጣል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሰው በልማድ ኬክሮስን አስቀድሞ ቢጽፍም አብዛኞቹ ትእዛዛት የምሥራቁን ቁጥር አስቀድመው ይጠብቃሉ። የአዳማ ሁለት ቁጥሮች ቢገላበጡ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች በሙሉ በጣሊያን አገር በሰርዴኛ ደሴት ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ ነጥቦቹን ከማንኛውም ስሌት በፊት በካርታ ላይ አውጥቶ ማየት የማይታለፍ ሥርዓት መሆን አለበት።

ነጥቦቹ ወደ 32637 ከተለወጡ በኋላ በሐይቁ ቅርጽ ዙሪያ ለምሳሌ የ500 ሜትርና የ1,000 ሜትር ቀበቶ ይሠራል። ቀጥሎ የትኞቹ ነጥቦች በቀበቶው ውስጥ እንደሚውሉ በቦታ ማጣመር ዘዴ ይለያል። ውጤቱ የትምህርት ቤቶቹን ስም፣ ከውሃው ያላቸውን ርቀትና የተማሪዎቻቸውን ቁጥር የያዘ ሰንጠረዥ ይሆናል። ይኸው ሥራ ከልዩ ልዩ ዓመታት በተገኙ የሐይቅ ቅርጾች ቢደገም፣ ውሃው በየዓመቱ ወደ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ምን ያህል እንደ ቀረበ ያሳያል። ለበጀት ውሳኔ ከአንድ ጊዜ ርቀት ይልቅ ይህ የለውጥ ፍጥነት ይበልጥ ይጠቅማል።

ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የሚገኘው ርቀት ወፍ እንደምትበርረው ቀጥተኛ ነው። ሕፃን ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ግን በእግሩ ነው። በአዋሽ ማዶ የሚገኝ ቤት በቀጥታ ሲለካ 1 ኪሎ ሜትር ቢሆን እንኳ ድልድዩ ሩቅ ከሆነ ጉዞው የዚያ እጥፍ ድርብ ሊሆን ይችላል። ስለ ተማሪዎች ጉዞ ለሚደረግ ጥናት የመንገዶችንና የድልድዮችን መስመር የያዘ መረጃ መጨመር ይገባል።

6. ሕዝብን በአካባቢው ማስላት

ራስተርና ቬክተር በአንድ ትእዛዝ የሚገናኙበት ሌላው ሥራ በአንድ ዝግ ቅርጽ ውስጥ የሚውሉትን ሕዋሳት መደመር ወይም አማካያቸውን መውሰድ ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው ወርልድፖፕ የተባለው መረጃ የሕዝብን ግምት 100 ሜትር ያህል ጎን ባላቸው ሕዋሳት ያቀርባል። በአንድ ትምህርት ቤት ዙሪያ የ3 ኪሎ ሜትር ክብ ተሠርቶ በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ቢደመሩ የአካባቢው ሕዝብ ግምት ይገኛል። ይህ ግን በሞዴል የተከፋፈለ ግምት እንጂ የቤት ለቤት ቆጠራ አይደለም። እንደ አዳማ በፍጥነት ለምታድግ ከተማ ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ተነሥቶ የሚሰላ አኃዝ ከወረዳና ከቀበሌ መዛግብት ጋር መመሳከር ይኖርበታል።

7. ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

ሀ/ መረጃ የሌለባቸው ሕዋሳት። በራስተር ውስጥ መረጃ ያልተገኘበት ሕዋስ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ምልክት የሆነ ቁጥር ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ከጠፈር መንኮራኩር በተለካው ኤስአርቲኤም በተባለው የከፍታ መረጃ ይህ ቁጥር ከዜሮ በታች 32,768 ነው። ከፍታቸው 1,600 ሜትር ከሆነ 99 ሕዋሳት ጋር አንድ እንዲህ ያለ ሕዋስ ሳይለይ ቢደመር፣ የመቶው አማካይ ከ1,600 ወደ 1,256 ሜትር ይወርዳል። ይህ አኃዝ ደግሞ ለተመልካች የማይቻል መስሎ ስለማይታይ አደገኛ ነው።

ለ/ የሕዋስን መጠን መለወጥ። ሁለት ራስተሮችን ለማገናኘት አንዱን ወደ ሌላው የሕዋስ መጠን መለወጥ ያስፈልጋል። ለከፍታ የአጎራባች ሕዋሳትን አማካይ መውሰድ ይቻላል፤ ለመሬት አጠቃቀም ዐይነት ግን አይቻልም። ወርልድከቨር በተባለው የአውሮፓ የመሬት ሽፋን ካርታ 10 ዛፍን፣ 50 የተገነባ ቦታን፣ 30 የሣር ምድርን ያመለክታል። የዛፍና የሕንፃ ሕዋስ በአማካይ ቢቀላቀሉ 30 ይሆናሉ፤ ከዛፍና ከቤት መካከል ያልነበረ ሣር ይበቅላል ማለት ነው። እንዲህ ላለው መረጃ የቅርቡን ሕዋስ ቁጥር እንዳለ መውሰድ ይገባል። የሕዝብ ብዛት ደግሞ ድምሩ ሳይዛባ እንዲቀር ሕዋሳቱ ይደመራሉ እንጂ አማካያቸው አይወሰድም።

ሐ/ የመረጃው ትክክለኛነት ወሰን። የኤስአርቲኤም ከፍታ ሲዘጋጅ የተቀመጠለት የስሕተት ወሰን 16 ሜትር ነበር። በዚህ መረጃ የአዳማን ዙሪያ ኮረብታዎችና የጎርፉን አጠቃላይ አቅጣጫ ማወቅ ይቻላል። የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ከጎረቤቱ መንገድ በግማሽ ሜትር ዝቅ ይል እንደሆነ ግን አይታወቅም። ለዚህ የቀያሽ ሥራ ያስፈልጋል።

መ/ የስሞች አጻጻፍ። ሁለት ሰንጠረዦችን በስም ማጣመር በኢትዮጵያ መረጃ ላይ ብዙ ጊዜ አይሳካም። አዳማና ናዝሬት፣ ባቱና ዝዋይ፣ ቢሾፍቱና ደብረ ዘይት በልዩ ልዩ መዛግብት ይገኛሉ። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «ሰ» እና «ሠ» በድምፅ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በአፋን ኦሮሞ የላቲን አጻጻፍም ሲጨመር ልዩነቱ ይበዛል። ስለሆነም ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የማይለወጥ መለያ ቁጥር ሰጥቶ በዚያው ማጣመር ይሻላል።

ሠ/ የግእዝ ፊደል በፋይል ውስጥ። ሼፕፋይል የተባለው የቆየ የቬክተር ፋይል ለአንድ ዓምድ ስም ከ10 ባይት በላይ አይፈቅድም። በተለመደው ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ለስሙ የሚተርፈው 3 ፊደል ብቻ ነው። «የተማሪዎች ብዛት» እና «የተማሪዎች ጾታ» የተባሉ ሁለት ዓምዶች ሁለቱም «የተማ» ወደሚል ያጥራሉ። ጂኦፓኬጅ የተባለው አዲስ የፋይል ዐይነት ይህ ገደብ ስለሌለበት በአማርኛ ለሚዘጋጅ መረጃ ይመረጣል።

8. ለክፍል ትምህርት የሚሆን ልምምድ

የዚህ አሠራር መሠረተ ሐሳብ ኮምፒዩተር በሌለበት ክፍልም ሊሰጥ ይችላል። መምህሩ ከ1:50,000 ካርታ ላይ የቆቃን ወይም የሌላ ሐይቅ ዳርቻ በሚያሳይ ወረቀት ላይ ያስነሣል። ተማሪዎቹ በላዩ 1 ሴንቲሜትር ጎን ያላቸው ካሬዎች ሠርተው ከግማሽ በላያቸው ውሃ የሆኑትን ይቆጥራሉ። እያንዳንዱ ካሬ 500 ሜትር በ500 ሜትር፣ ማለትም ሩብ ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ስፋቱ በቀላሉ ይሰላል። ቀጥሎ ሥራውን 2 ሚሊሜትር ጎን ባላቸው ካሬዎች ይደግማሉ። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ካሬ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ መቶኛው ነው። ሁለቱ ውጤቶች ሲነጻጸሩ የሕዋስ መጠን ማነስ ምን እንደሚያስገኝና ምን ያህል ተጨማሪ ድካም እንደሚጠይቅ ተማሪዎቹ በራሳቸው እጅ ያረጋግጣሉ። በመጨረሻም የዳርቻውን መጠምዘዣዎች በቁጥር መዝግበው ነጥቦቹን በማስመሪያ ሲያገናኙ የቬክተርን ምንነት ይረዳሉ። ኮምፒዩተር ያለው ትምህርት ቤት ይህንኑ ልምምድ በፓይተን ቢያስደግም፣ ተማሪዎቹ ማሽኑ የሚሠራው እነርሱ በእጃቸው የሠሩትን መሆኑን ያስተውላሉ።

ማጠቃለያ

ራስተር ምድሩ በየካሬው ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ቬክተር ደግሞ በምድሩ ላይ ያለው ነገር የማን እንደሆነና ድንበሩ የት እንደሚደርስ ይናገራል። ውሃቸው በሚሰፋና በሚሸሽ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለትምህርት ቤት ፕላን ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የሚገናኙትም በአንድ የምድር መለኪያ ላይ ሲቀመጡ ብቻ ነው። ይህ ካልተሟላ ፕሮግራሙ ቢሠራም፣ ካርታው ቢያምርም ውጤቱ አይታመንም።

ስለዚህ ለአንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት በካርታ የተደገፈ ጥናት በቀረበለት ቁጥር ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባዋል። እነዚህም የመረጃው የመለኪያ ሥርዓት፣ የምስሉ ቀንና የሕዋሱ መጠን፣ እንዲሁም ሥራው የተሠራበት ፕሮግራም ናቸው። ፕሮግራሙ ከዘገባው ጋር በአንድ መዝገብ ቢቀመጥ፣ ከዓመታት በኋላ በቦታው የሚተካው ባለሙያ ያለፈውን ስሌት አንብቦ በአዲስ ምስል ሊደግመው ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን በስሌት የተገኘው ዝርዝር የመጨረሻ ውሳኔ ሳይሆን መጀመሪያ የሚጎበኙትን ትምህርት ቤቶች የሚያመለክት ነው። የመጨረሻው ማረጋገጫ በቦታው ተገኝቶ ውሃው ባለፈው ክረምት እስከ የት እንደ ደረሰ ከርእሰ መምህሩና ከአካባቢው ሽማግሌዎች መጠየቅ ነው።